የቁልቋል ወጌሻ

አራድ ነው የምኖር፣ ከበረሃው ጫፍ ላይ፣
በረንዳዬ ጠባብ፣ ፊቱ ወደ ፀሐይ።
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ችግኝ ጣቢያ ሠርቼ፣
ጡረታ ስወጣ እሾህ ይዤ መጥቼ፣
አሁን የሰፈሩ ሰው ደረጃውን ወጥቶ
በሬን ያንኳኳል፣ በሽተኛ ቁልቋል በፌስታል አምጥቶ።
«ወጌሻው» ይሉኛል። ስሜ ግን ይርዳው ነው።
አጥንት አላውቅም እኔ፤ የማውቀው እሾህ ነው።

ቁልቋል የምለውም በልማድ ነው።
የአገር ቤቱ ሲቆረጥ ወተቱ ዓይን ያጠፋል፣
የዚህኛው ሲቆረጥ ውሃ ብቻ ይተፋል።
ዘመድ አይደሉም አሉኝ የተማሩት። ይሁን።
ሌላ ቃል አልነበረኝም።

ቢላ አላነሣም መጀመሪያ። እጠይቃለሁ፦
መቼ ነው ያጠጣሽው? ከዚያ በጣቴ እነካለሁ።
ግርጌው ቡኒ ሆኖ እንደ ዛፍ ልጥ ከሻከረ፣
አትንኩት፣ ሽምግልና ነው፤ ሰውም እንዲሁ ኖረ።
ግርጌው ቢጫ ሆኖ እንደ በሰለ ሙዝ ከላላ፣
ያ ነው እንግዲህ፤ ውሃ ነው ከውስጥ የበላ።
አናቱ ቀጥኖ አንገቱ እንደ ሰጎን ከረዘመ፣
ብርሃን ፍለጋ ነው፤ መጋረጃ ጀርባ ነው የታመመ።
ግን በአንድ ቀን አውጥተሽ ቀትር ላይ አትጣዪው፤
ሐምሌ ቆዳ ይልጣል፤ ጠዋት ጠዋት ብቻ ፀሐይ አሳዪው።
በእሾሁ ብብት ሥር ጥጥ የሚመስል ነገር
ጥጥ አይደለም፣ ተባይ ነው፤ የሚመጥ እንደ መዥገር።
ጥጥን በጥጥ ነው፦ አልኮል ነክሮ፣ ቀስ ብሎ መጥረግ፤
አልኮል ከጠፋ ዐረቄ፣
ግማሹ ለተባዩ፣ ግማሹ ለወጌሻው ማዕረግ።

የቧንቧችን ውሃ ደግሞ ኖራ አለው፣
አፈሩን ነጭ ቅርፊት ያለብሰዋል፣ ተክሉን ያገረጣዋል።
«የዝናብ ውሃ አጠራቅሙ» ስል
«አራድ ውስጥ!» ብለው ይስቃሉ።
እውነታቸውን ነው።
ባልዲዬን ግን ከኅዳር ጀምሮ ደጅ አወጣለሁ።

ራይሳ የመጣችው በጥቅምት መጨረሻ ነው፣ ከሁለተኛው ፎቅ፣
የሾርባ ሳህን ታቅፋ፣ ከንፈሩ ወርቅ ቅብ፣ ቂጡ ድፍን።
ቁልቋሉን የተከለው ባሏ ሊዮቫ ነበር፤
ሊሞት ሲል «እንዳትረሺው» አላት፤
እሷም አልረሳችም፣
በየጠዋቱ አንድ ብርጭቆ፣ ሳታጓድል አንድም ዕለት።

ጫን ብዬ ነካሁት። ጣቴ ገባ።
ሳልነግራት ለእሷም ገባት።
ውሃ እያሳሳቀ ይወስዳል ይባላል፤
ይሄኛውን እያስለቀሰ ነው የወሰደው።

የምንነጋገረው በዕብራይስጥ ነው፣ የእኔም ስብር፣ የእሷም ስብር፤
ለዚያ ስብራት ወጌሻ የለውም።
ቢላውን በአልኮል ጠረግሁ። ከግርጌው ቆረጥኩ፦ መሃሉ ቡኒ።
ጠረግሁ። ከፍ አድርጌ ቆረጥኩ፦ አሁንም ቡኒ ነጥብ።
«ይበቃል» አለች፣ ፊቷን ወደ ልብስ ማስጫው አዙራ።
አይበቃም ነበር።
ክንድ የሚያህለው ሄዶ ሄዶ ጡጫ ሲቀር
ያኔ ነጻ፣ እንደ ኪያር ሆድ።

ጋዜጣ ላይ አጋደምኩት፣ ጥላ ውስጥ፣ ቁስሉ እስኪጠግግ።
ሦስት ሳምንት። አፈር የለ፣ ውሃ የለ።
በየማታው ትደውላለች።
«አጠጣኸው?»
«አላጠጣሁም።»
«ይጠማዋል እኮ!»
«ይጠማው።»
ልጆቼ ደረቅ ነህ ይሉኛል፤
በዚህ ሙያ ስድብ አይደለም።

በታኅሣሥ አሸዋና ጠጠር ላይ አቆምኩት፣
በእርጎ ኩባያ፣ ታቹን በምስማር በስቼ፣
ይዤላትም ወረድኩ። ሥር ይስደድ አይስደድ ገና አላወቅንም።
የሾርባ ሳህኑ ታጥቦ መደርደሪያው ላይ ተሰቅሏል።
እሷ ከቧንቧው አጠገብ ቆማለች፣
ብርጭቆው በእጇ፣ እስከ አፉ ሙሉ፣ በለመደው ሰዓት።
«ይሄንንስ ምን ላድርገው?» አለችኝ።

«አንቺ ጠጪው» አልኳት።